የተጠገነ ልብና ትርታው

ልብ በደረታችን ውስጥ የሚገኝ፣ ከባለቤቱ ጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ጡንቻ ነው። አንድ ጤነኛ ሰው ዐርፎ በተቀመጠ ጊዜ ልቡ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ይመታል፤ ይህም የቀኑና የሌሊቱ ሲደመር ወደ 100,000 ይጠጋል። ባለቤቱ ሲተኛ እርሱ አይተኛም፤ ባለቤቱ ሲቀመጥ እርሱ አይቀመጥም። ይህን ያህል የሚደክም አገልጋይ ሆኖ ሳለ፣ ካልታመመ በቀር የሚያስታውሰው የለም።

እኔ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት በቤተ ዘመዶቼ በደረሰ ነገር ምክንያት ነው። እዚሁ ሐሙሲት የምትኖር የአክስቴ ልጅ አለችኝ፤ በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እትዬ እላታለሁ። እትዬ በሕፃንነትዋ ከንፈርዋና ጥፍርዋ ይጠቁር ነበር፤ ከእኩዮችዋ ጋር ስትሮጥም ቶሎ ይደክማትና ቁጢጥ ብላ ትቀመጥ ነበር። አክስቴ ነገሩ ስንፍና መስሎአት ትቈጣት እንደ ነበር ዛሬ እያዘነች ትናገራለች። ኋላ ግን ሐኪሞች መርምረው ልብዋ ከፍጥረቱ ጉድለት ያለበት መሆኑን ስለ ደረሱበት፣ በ8 ዓመትዋ በበጎ አድራጊዎች ርዳታ ወደ ውጭ አገር ተልካ ልብዋ ተከፍቶ ተጠገነ። በተመለሰች ጊዜ ከንፈርዋ ቀልቶ፣ እርምጃዋ ፈጥኖ ቢያዩ ቤተ ዘመድ ሁሉ እልል አለ። «ዳነች» ተባለ፤ ነገሩም በዚሁ ተዘጋ። ጥቂት ዓመታት ወደ ምርመራ ከተመላለሰች በኋላ ያንንም ተወችው፤ የሚያማት ነገር አልነበረምና።

ከ20 ዓመት በኋላ፣ ዐምና በአንድ የገበያ ቀን፣ እትዬ በርበሬ ስትሰፍር ሳለች ልብዋ በድንገት እንደ ወፍ ክንፍ ተርገበገበ። ዐይንዋ ጨለመ፤ ስፍሩ ከእጅዋ ወደቀ። ሰዎች ደግፈው ወደ ጤና ጣቢያ አደረሱአት፤ በዚያም ነርሷ የደም ሥርዋን ይዛ ብትቈጥር በደቂቃ 150 ሆነ። ወዲያው በአምቡላንስ ወደ ባሕር ዳር ተወሰደች። እዚያ ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀው «በልጅነትዋ የተሠራላት ምን ዐይነት ሥራ ነበር?» ብሎ ነው። ከመካከላችን የሚመልስ ጠፋ። «ልብዋ ተሠርቶአል» ከማለት በቀር የምናውቀው አልነበረም። አጎቴ በዚያው ቀን ወደ ሐሙሲት ተመልሶ፣ ከሣጥኑ ግርጌ ከግብር ደረሰኝ ጋር ተጠቅልሎ የኖረውን የውጭ አገር ወረቀት ይዞ እስኪመጣ ድረስ ሐኪሞቹ በግምት ሊሠሩ ግድ ሆነባቸው።

እትዬ ትንፋሽዋ በተመለሰላት ጊዜ «ልቤ ተጠግኖ አልነበረምን? ስለ ምን ዳግመኛ ታመመ?» ስትል ሐኪሙን ጠየቀችው። ይህ ጽሑፍ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው። ሐኪሙ ያስረዳንን፣ ከሥነ ሕይወት መምህራችን ከተማርሁትና ከመጻሕፍት ካነበብሁት ጋር አስማምቼ ለትምህርት ቤታችን መጽሔት አንባቢዎች አቀርባለሁ። ስለ ውጭ አገር የማነሣቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ትርታ ከወዴት ይነሣል?

ልብ 4 ክፍሎች አሉት፤ 2ቱ ከላይ፣ 2ቱ ከታች ናቸው። የላይኞቹ ደሙን ይቀበላሉ፤ የታችኞቹ ይገፋሉ። የቀኙ ወገን የተበከለውን ደም ወደ ሳንባ፣ የግራው ወገን የጠራውን ደም ወደ መላ ሰውነት ይልካል። ነገር ግን እነዚህ ክፍሎች ሁሉ በተራቸውና በሰዓታቸው ካልሠሩ ደሙ ወደ ፊት አይሄድም።

በቤተ ክርስቲያን ማኅሌት ሲቆም አይታችኋል። ከበሮው አንድ ነው፤ ካህናቱ ግን ብዙ ናቸው። ከበሮ መቺው ሲያፈጥን ሁሉ ያፈጥናል፤ ሲያዘገይ ሁሉ ያዘገያል። በልብም ውስጥ እንዲሁ በቀኙ የላይኛ ክፍል ጫፍ ላይ አንድ ትንሽ ከበሮ መቺ አለ። ኪዝና ፍላክ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሰዎች በ1907 ይህን ስፍራ አግኝተው ጻፉ። ከዚህ ስፍራ በየጊዜው ደካማ የኤሌክትሪክ ኀይል ይነሣና በላይኞቹ ክፍሎች ይሠራጫል። ከዚያም በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ወዳለው ኬላ ይደርሳል። ይህን ኬላ ታዋራ የተባለ ጃፓናዊ ሐኪም በጀርመን አገር ሲያጠና በ1906 ገለጸው። ኬላው ኀይሉን ለቅጽበት ያህል ያቆየዋል፤ ይህም የላይኞቹ ክፍሎች ደማቸውን ወደ ታች አፍስሰው እስኪጨርሱ ነው። ቀጥሎ ኀይሉ ሽቦ በሚመስሉ ሥሮች ወደ ታችኞቹ ክፍሎች ይወርድና እነርሱም ይጨበጣሉ።

ይህን የኤሌክትሪክ ጉዞ በወረቀት ላይ ለመሳል የሚያስችለውን ዘዴ በተሟላ መንገድ ያወጣው አይንትሆቨን የተባለ የሆላንድ ሊቅ ነው፤ ስለ ሥራውም በ1924 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ዛሬ በሆስፒታሎቻችን በደረት ላይ ሽቦ እየተለጠፈ የሚነሣው የልብ ሥዕል፣ ኢሲጂ የሚባለው፣ የእርሱ ልጅ ነው።

የተጠገነው ልብ ስለ ምን ይታወካል?

ከ1000 ሕፃናት 8 ወይም 9 የሚሆኑት ልባቸው ጉድለት ይዞ ይወለዳል። የእትዬ ሕመም የፋሎ ቴትራሎጂ ይባላል፤ ፋሎ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም በ1888 አጥርቶ ስለ ጻፈው ነው። በዚህ ሕመም 4 ነገሮች ባንድነት ይገኛሉ፤ ይኸውም በታችኞቹ ክፍሎች መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ወደ ሳንባ የሚወስደው መንገድ ጠባብ ነው፤ ዋናው የደም ሥር ከስፍራው ፈቀቅ ብሎ በቀዳዳው ላይ ይቆማል፤ የቀኙም ጡንቻ ከልክ በላይ ይወፍራል። ስለዚህ ያልጠራው ደም ከጠራው ጋር ይቀላቀልና ሕፃኑ ይጠቁራል። ቀዶ ሐኪሙ ቀዳዳውን በእራፊ ይደፍናል፤ ጠባቡን መንገድ ቀዶ ያሰፋል።

እንግዲህ የሁከቱ ምክንያት ከዚህ ላይ ነው። ቢላዋ ያለፈበት የልብ ሥጋ ይሽራል፤ ጠባሳው ግን አይጠፋም። ጠባሳም ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ይህን ለመረዳት አውድማን አስቡ። በአውድማው መካከል ትልቅ ድንጋይ ቢኖር በሬዎቹ ድንጋዩን እየዞሩ ያበራያሉ። የልብም ኤሌክትሪክ እንዲሁ ጠባሳውን መዞር ሊጀምር ይችላል። ዞሮ ወደ ተነሣበት ሲመለስ ያ ስፍራ ዐርፎ ይቆየዋል፤ ስለዚህ እንደገና ይቀጣጠላል፤ ደግሞ ይዞራል። አንዱ ዙር አንድ ምት ነው። ከዚህ በኋላ ከበሮ መቺውን የሚሰማው የለም። የላይኞቹ ክፍሎች በደቂቃ እስከ 300 ጊዜ ቢመቱ፣ ኬላው ከሁለቱ አንዱን ብቻ እያሳለፈ ታችኞቹን በ150 ያስመታቸዋል። የእትዬ ልብ የሆነው ይህ ነበር። ኬላው ሁሉንም ያሳለፈ እንደ ሆነ ግን ሰውዬው ራሱን ስቶ ይወድቃል።

ጠባሳ ብቻውን ምክንያት አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት መለጠጥ ነው። በላይኞቹ ክፍሎች መካከል ቀዳዳ ይዞ የተወለደ ሰው ብዙ ጊዜ ምንም ሳይሰማው ያድጋል፤ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጅ ይወልዳል። ነገር ግን በቀዳዳው የሚያልፈው ትርፍ ደም በየዓመቱ የቀኙን ክፍል ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠውም ሥጋ በ40 ዓመት ግድም መርገፍገፍ ይጀምራል። ሦስተኛው ምክንያት ከፍጥረት የሆነ ትርፍ መንገድ ነው። ኤብሽታይን የተባለው ሐኪም በ1866 የገለጸው የቀኝ ወገን ቫልቭ ጉድለት ያለባቸው አንዳንድ ሰዎች ከኬላው ሌላ አቋራጭ መንገድ ይዘው ይወለዳሉ፤ ኤሌክትሪኩም በኬላው ወርዶ በአቋራጩ ይመለሳል። አራተኛው ምክንያት ከቀደሙት ተቃራኒ ነው፤ ቀዳዳው ሲደፈን መርፌው በአጠገብ የሚያልፉትን ሥሮች ቢነካ ኤሌክትሪኩ ወደ ታች መውረድ ያቆማል፤ ልብም እጅግ ይዘገያል።

ከሞት የተወለደ መሣሪያ

በቀድሞ ዘመን እነዚህ ሕፃናት አብዛኞቹ ለዐቅመ አዳም አይደርሱም ነበር። በኅዳር ወር 1944 በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ብላሎክ የተባለው ቀዶ ሐኪም፣ ሄለን ታውሲግ የተባለችው የሕፃናት ሐኪም ባመነጨችው ሐሳብ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለአንዲት የጠቆረች ሕፃን ወደ ሳንባ የሚወስድ አዲስ መንገድ አበጀ። ሥራውን አስቀድሞ በውሾች ላይ ያጠናውና በዚያን ቀን ከብላሎክ ጀርባ ቆሞ የመራው ቪቪየን ቶማስ የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ ነበር። ቶማስ የሕክምና ኮሌጅ ደጃፍ ያልረገጠ የአናጢ ልጅ ነበር።

ከዚያም በ1954 ሊልሄይ የተባለው የሚኒሶታ ሐኪም የፋሎን ሕመም ልብን ከፍቶ በሙሉ ጠገነ። ሆኖም ከቀዶ ጥገናው በኋላ የአንዳንዶቹ ሕፃናት ልብ ከላይ ያለው ላይኛውን፣ ከታች ያለው ታችኛውን እየመታ ተለያየ፤ ከእነዚህም አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ስለዚህ ሊልሄይ ከግድግዳ በሚመጣ ኤሌክትሪክ ልብን የሚኰረኵር ሽቦ አስገባ። በጥቅምት ወር 1957 መጨረሻ ግን የሚኒያፖሊስ ከተማ መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ሊልሄይ ባከን የተባለውን መሣሪያ ጠጋኝ በባትሪ የሚሠራ እንዲያበጅለት ለመነው። ባከንም የሙዚቃ ተማሪዎች ጊዜ ከሚጠብቁበት ከሜትሮኖም ንድፍ ተነሥቶ በ4 ሳምንት ውስጥ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ሣጥን ሠራ። በተከታዩ ዓመት በ1958 በስዊድን አገር ሴኒንግ የተባለው ሐኪም ኤልምክቪስት የሠራውን መሣሪያ ላርሶን በሚባል ሰው ገላ ውስጥ ቀበረ። የመጀመሪያው መሣሪያ በሰዓታት ውስጥ ቢበላሽም፣ ላርሶን ከ20 በላይ መሣሪያ እየለዋወጠ እስከ 2001 ድረስ ኖረ። ዛሬ ፔስሜከር የምንለው ይህን ነው።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ሐኪሙ ለእትዬ ያደረገውን መጀመሪያ ልንገራችሁ። በማደንዘዣ ለጥቂት ደቂቃ አስተኝቶ በደረትዋ ላይ አንድ ጊዜ የተመጠነ የኤሌክትሪክ ምት ሰጣት። ይህ ምት የልብን ሥጋ ሁሉ ባንድ ቅጽበት ዝም ያሰኘዋል፤ የሚዞረውም ኀይል መንገዱ ይዘጋበታል። ከዝምታው በኋላ መጀመሪያ የሚነሣው የተፈጥሮው ከበሮ መቺ ነው። ትርታዋ ከ150 ወደ 80 ሲወርድ በመስኮቱ ዐይቻለሁ። ነገር ግን ሁከቱ ከ48 ሰዓት በላይ የቆየ ቢሆን ኖሮ እንዲህ በቶሎ አይደረግም ነበር። የሚርገፈገፍ ልብ ደሙን በጥግ ያስቀምጠዋል፤ የቆመ ደምም ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል ቢሄድ ሰውየውን ሽባ ያደርገዋል። ስለዚህ የቆየ ሁከት ሲሆን አስቀድሞ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት ይሰጣል፤ ወይም በልብ ውስጥ የረጋ ደም አለመኖሩ በልዩ ምርመራ ይታያል።

ሁለተኛው ሕክምና የሚዋጥ መድኃኒት ነው። አንዳንዱ ኬላውን ያጠብቃል፤ አንዳንዱ የሚዞረውን ኀይል ያደክማል። ከነዚህ ጋር ዋርፋሪን የተባለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው መድኃኒት ይሰጣል። ዋርፋሪን ሲያንስ ደም ይረጋል፤ ሲበዛ ደም ይፈሳል፤ ስለዚህ መጠኑ በየጊዜው በደም ምርመራ መታየት አለበት። ልጅ ለመውለድ የምታስብ ሴትም አስቀድማ ለሐኪምዋ መንገር ይገባታል፤ ዋርፋሪን በማሕፀን ያለውን ፅንስ ሊጐዳ ይችላልና።

ሦስተኛው ሕክምና የአውድማውን መንገድ መዝጋት ነው። ከድንጋዩ አንሥቶ እስከ አውድማው ጠርዝ ድረስ ካብ ቢካብ በሬዎቹ መዞር አይችሉም። ሐኪሙም እንዲሁ በጭን የደም ሥር በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልብ አድርሶ፣ ኀይሉ የሚዞርበትን ስፍራ በኤሌክትሪክ ካርታ ፈልጎ፣ ከጠባሳው እስከ ቫልቩ ጠርዝ ያለውን ሥጋ በሙቀት እየተኰሰ ያደርቀዋል። ደረት አይከፈትም። ይሁን እንጂ በተጠገነ ልብ ውስጥ ጠባሳው ብዙ ስለ ሆነ አንዱ መንገድ ቢዘጋ ሌላው ሊከፈት ይችላል። ሥራውም ልዩ መሣሪያና ልዩ ሥልጠና ስለሚጠይቅ በየከተማው የሚገኝ አይደለም።

አራተኛው ለሚዘገይ ልብ የሚቀበረው ፔስሜከር ነው። በአጥንት ግርጌ ከቆዳ በታች ይቀመጥና ሽቦው በደም ሥር በኩል ወደ ልብ ይገባል። አንዳንድ ሰዎች ግን ከአንድ የታችኛ ክፍል በቀር የሌላቸው ሆነው ስለሚወለዱ፣ ደማቸው ከሰውነት በቀጥታ ወደ ሳንባ እንዲሄድ ሆኖ ይሠራላቸዋል። ለእነዚህ ሽቦው በደም ሥር በኩል ወደ ታችኛው ክፍል የሚደርስበት መንገድ ስለማይኖረው በልብ ውጫዊ ገጽ ላይ ይሰፋል። ሐኪም የቀድሞውን ሥራ ማወቅ አለበት የሚባለውም ስለዚህ ነው። አደገኛው ሁከት ከታችኞቹ ክፍሎች የሚነሣባቸው ሰዎች ደግሞ ሁከቱን ራሱ ዐውቆ በውስጥ ምት የሚሰጥ መሣሪያ ይቀበርላቸዋል፤ ይህም ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ የተሠራው በ1980 ነበር።

አምስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚረሳው ሥሩን ማከም ነው። በልጅነት የተጠገነ የፋሎ ልብ ወደ ሳንባ የሚወስደው ቫልቭ ብዙ ጊዜ ያፈስሳል። የሚያፈስስ ቫልቭ የቀኙን ክፍል ቀስ በቀስ ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠውም ይታወካል። ቫልቩ በጊዜው ቢለወጥ ልቡ ይሰበሰባል። ይህ በቀዶ ጥገና ይደረጋል፤ ከ2000 ወዲህም ለአንዳንዶች ደረት ሳይከፈት በቱቦ ይገባል።

የእኛ አገር ነገር

በኢትዮጵያ የሕፃናት ልብ ሐኪም የሆኑት ዶክተር በላይ አበጋዝ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅትን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 አቋቋሙ። በዚያን ጊዜ በአገራችን ልብ ተከፍቶ የሚጠገንበት ማዕከል ስላልነበረ ብዙ ሕፃናት ወደ ውጭ አገር እየተላኩ ዳኑ። በ2001 ዓ.ም. ግን በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ውስጥ የልብ ማዕከሉ ተከፈተ። በእርግጥ በአገራችን ልብን ይበልጥ የሚጐዳው ከጉሮሮ ሕመም ቀጥሎ የሚመጣው የቁርጥማት ትኩሳት ነው፤ ነገር ግን ጉድለት ይዘው የሚወለዱትም ጥቂት አይደሉም።

እነሆ፣ ያን ጊዜ በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የሄዱት ሕፃናት ዛሬ አድገዋል። አንዱ መምህር፣ አንዱ ሾፌር፣ አንዷ እንደ እትዬ ነጋዴ ሆነዋል። በአሜሪካና በካናዳ የልብ ጉድለት ይዘው ከተወለዱት መካከል ዛሬ በቍጥር የሚበልጡት ዐዋቂዎቹ ናቸው፤ ስለዚህ ለእነርሱ ብቻ የሠለጠኑ ሐኪሞች አሉ። በእኛም አገር ያ ዘመን እየመጣ ነው። የሕፃናት ሐኪም የጀመረውን የዐዋቂዎች ሐኪም ካልተቀበለው ልጁ በመካከል ይጠፋል። ከሐሙሲት አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የመኪናው ዋጋ፣ የማደሪያው ዋጋ፣ የሚታጐለው ሥራ ሁሉ ይቈጠራል። የማይሰማው ሕመም ሲሆን ደግሞ ሰው ይህን ሁሉ አውጥቶ መሄዱ ሞኝነት ይመስለዋል። እትዬም የቀረችው በስንፍና አልነበረም።

ምን እናድርግ?

መጀመሪያ፣ ልቡ የተሠራለት ሰው ሁሉ ወረቀቱን ይጠብቅ። ፎቶ ኮፒ አድርጎ በሁለት ቤት ያስቀምጥ፤ የሕመሙንና የሥራውንም ስም ቤተ ሰቡ በቃሉ ይወቀው። እኛ አሁን የእትዬን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ሁለተኛ፣ ትርታውን መቍጠር ይልመድ። ሁለት ጣት በእጅ አንጓ ላይ በአውራ ጣት በኩል አድርጎ አንድ ደቂቃ መቍጠር ነው። ዐርፎ ተቀምጦ ሳለ ከ120 በላይ ሆኖ ቢቀጥል፣ ወይም ያለ ሥርዐት ቢዘበራረቅ፣ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባዋል። ልቡ እየታወከ ራሱን የሳተ ሰው ግን ነገ እስኪነጋ መጠበቅ የለበትም።

ሦስተኛ፣ ባያመውም በቀጠሮው ይሂድ። ቫልቭ ማፍሰስ ሲጀምር አይጮኽም፤ ኢኮ በሚባለው የድምፅ ሞገድ ምርመራ ግን ይታያል።

አራተኛ፣ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ አያቋርጥ። እትዬ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ ጠበል ልትገባ ፈልጋ መድኃኒቱን ለመተው አስባ ነበር። የንስሐ አባትዋ ግን «ልጄ፣ ጠበሉንም ጠጪ፣ ኪኒኑንም ዋጪ፤ ሐኪሙን የፈጠረ ማን ሆነና?» አሉአት። ዛሬ ሁለቱንም ታደርጋለች።

እትዬ አሁን በየወሩ ባሕር ዳር እየሄደች ደምዋን ታስመረምራለች። የኢኮው ምርመራ ቫልቭዋ እንደሚያፈስስ ስላሳየ ጉዳይዋ ወደ አዲስ አበባ ተጽፎአል፤ ቀጠሮዋም ከክረምቱ በኋላ ነው። ሐኪሙም ለጥያቄዋ የሰጣት መልስ እንዲህ የሚል ነበር፤ «ልብሽ ተጠግኖአል እንጂ አዲስ አልሆነም። የተጠገነ ቤት ጣሪያው በየዓመቱ ይታያል።»

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። ሕመሙን ሳይደብቅ የረሳውም ሰው እንደዚያው ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በደረቱ መካከል የቆየ ጠባሳ ያለበት ወንድም ወይም እኅት በቤትህ ካለ፣ ዛሬ ማታ «ከታየህ ስንት ዓመት ሆነ?» ብለህ ጠይቀው። እኛ ሳንጠይቅ 20 ዓመት አለፈን።